ወላጅ አምጪ

ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ሳሳርፍ ጉምጉምታው ይጀምራል። አፍ ተዘግቶ በአፍንጫ ብቻ፣ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ክፍሉን የሚሞላ እምምምም። ዞር ስል ዝም። ሁሉም ደብተሩ ላይ ያቀረቀረ ጨዋ። የጥቅምት ፀሐይ ቆርቆሮውን ያጋየዋል፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ከሎጋሪዝም ጋር እታገላለሁ፤ እነሱ ንብ ሆነውብኛል።

ዛሬ ደግሞ መሪያቸው እንኳ የለችም። ስመኝን ትናንት "ወላጅ ሳታመጪ እዚህ ድርሽ እንዳትዪ!" ብዬ አባርሬያታለሁ። ጉምጉምታውን የምታስጀምረው እሷ ናት። እጅ ከፍንጅ ስይዛት እንኳ አላፈረችም፤ "ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም፣ ቆርቆሮው ነው" ብላ ክፍሉን በሳቅ ፈጀችው። ከጎጃም ተነሥቼ መተማ ድረስ የወረድኩት የአሥራ አንደኛ ክፍል መዘባበቻ ልሆን አይደለም። ወላጅ አምጪ ማለቱም አላረካኝ። ከክፍል እንደወጣሁ የአባቷን ስልክ ቁጥር ከቢሮ ወስጄ ደወልኩ። "ይቺን ልጅ እኔ አልቻልኳትም፤ መጥተው ይውሰዱልኝ!" ብዬ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ያን ጊዜ ትንሽ ቀለለኝ።

በሩ ይንኳኳል። ስመኝ ናት። ከኋላዋ ፀሐይ ያከሰለው፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ሰውዬ ቆሟል።

"አባቴ ናቸው" ትላለች ዓይኗን ሳትሰብር።

"ኧረ ይኼ ባየልኝ አይደል እንዴ!" ይላል ምናለ ከመሐል ወንበር። "የኛን ሰሊጥ ሲያጭድ የከረመው ሳሉግ!"

ሳሉግ የሚሉት ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ሰውዬው ግን የመጣበትን ሥራ ሳይፈጽም ላይመለስ ቆርጧል። ጉሮሮውን ይጠርጋል።

"ልዤ አጥፍታለች አሉኝ። እኔ ቤት ወስጄ እቀጣታለሁ። ለዛሬ በጊዮርጊስ ይማሯት።"

አነጋገሩ ከእናቴ ጓሮ የወጣ ነው። "ሞጣ ነዎት ቢቸና?" እለዋለሁ።

"ቢቸና" ይላል፤ ወዲያው ምላሱን ይነክሳል።

ደሜ ይፈላል። "መተማ ገበያ አባትም ይከራያል እንዴ?" ብዬ እጮኽባታለሁ። "ደጋውን ሰው ለቀልድ ጎትተሽ ማምጣትሽ ሳያንስ፣ እኔን እንደ ቂል!"

ስመኝ ወደ ጠረጴዛዬ ትጠጋለች። ድምፅዋ እስከዛሬ የማላውቀው ድምፅ ነው።

"ቲቸር፣ በእናትዎ ይስሙኝ። ትናንት ፈርቼ ቤት አልገባሁም፣ ጓደኛዬ ዘንድ ነው ያደርኩት፤ አባቴ ከመጣ አያስተምረኝም። ሰሊጡ እየፈነዳ ነው፤ እርሻው ካምፕ ወርጄ ለአጫጆች እንዳበስል ምክንያት ብቻ ነው የሚጠብቀው። እናቴ ናት 'ትምህርት ቤቱ እስካላባረራት ድረስ አትነካትም' ብላ የያዘችልኝ። እኅቴ አምና ለአጨዳ ብላ ወርዳ በዚያው ቀረች። እኔ አጥፍቻለሁ፣ ግቢውን ሳጸዳ ልክረም፣ ደስ ያለዎትን ይቅጡኝ። እሱን ብቻ አይጥሩብኝ።"

ለአባቷ ደውዬ "ይቅሩ" ልላቸው እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ፣ አንድ ትራክተር እያጓራ ግቢው ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ስመኝ በመስኮቱ ታያለች። ከዚያ እኔን ታየኛለች። ማን እንደጠራቸው መጠየቅ አያስፈልጋትም።

አባቷ አቶ ዋሴ ነጭ ጀላቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይገባሉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ።

"እግዜር ይስጥልኝ መምህር። እናቷ ገትራ ይዛኝ መከራዬን ሳይ ነበር፤ እርስዎ ገላገሉኝ።"

"አቶ ዋሴ፣ ትናንት ተናድጄ ነው። ጥፋቷ ቀላል ነው። ምሬያታለሁ፣ ትቀመጥ።"

"ኧረ ዲያ! ይውሰዱልኝ ሲሉ እናቷም በጆሮዋ ሰምታለች፤ ስልኩን ጮክ አድርጌው ነበር። እንግዲህ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።"

"አይወስዷትም!" እላለሁ። "ዳይሬክተሩን እጠራለሁ!"

"ይጥሩ። ያባረሯት እርስዎ እንጂ እኔ አይደለሁም።"

እኚህን ሰውዬ በጠመኔ መጥረጊያው ብላቸው ደስ ባለኝ፤ ከሳቸው ይልቅ ግን ትናንት ስልኩን የያዘው እጄ ያናድደኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

"ልዥ ናት ጌታው፣ ቢተዋት" ይላል ባየልኝ ከበሩ ሥር፣ ቀስ ብሎ።

አቶ ዋሴ ከእግር እስከ ራሱ ይመለከቱታል። "አንተ ደግሞ የማን ነህ? ሥራ ፈልገህ ከሆነ ትራክተሩ ላይ ውጣ፤ ሰው አንሶኛል።"

ባየልኝ ስመኝን ያያታል፤ መሬት ያያል፤ ይወጣል።

ስመኝ አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ የሒሳብ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች። "የትምህርት ቤቱ ነው" ትላለች። አባቷን ተከትላ ስትሄድ ወደ ኋላ አትዞርም።

የትራክተሩ ድምፅ ወደ እርሻው መንገድ እየራቀ ይጠፋል። ተማሪዎቹ ተቀምጠዋል። ምናለ እንኳ እጁን አጣጥፏል።

ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ። ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ አሳርፌ እጠብቃለሁ። በሉ፣ እላለሁ በሆዴ፣ በሉ እንጂ ጀምሩ።

ከላይ ቆርቆሮው ብቻ በሙቀቱ ጠሽ፣ ጠሽ ይላል።