የስልኩ ጥሪ ሲለወጥ የተከፈተ በር

"ዝም በሉ! ... ዝም በሉ አልኳችሁ! ... ጥሪው ተለውጧል!"

እማማ ናቸው። ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የስልክ ጠጋኙ ሱቅ መሃል ቆመዋል።

ስልክ ስላችሁ ደህና ስልክ እንዳይመስላችሁ... ወገቡ በላስቲክ የታሰረ፣ ፊቱ የተሰነጣጠቀ፣ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጡረታ ወጥቶ ልጆቹን እየረገመ ፀሐይ የሚሞቅ ነው።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ሥራዬ የሰው ጉዳይ ነው፤ ደመወዝ ግን የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው...

አንድ ልጃቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ድንበር ተሻግሮ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። እሱ ስልክ ውስጥ ያለችው ሲም ካርድ ግን ሲሄድ እሳቸው የገዙለት ያገሩ ቁጥር ናት።

እና እማማ ረፋድ ላይ ይደውላሉ... አንዴ ይጠራል... ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ... ይዘጉታል።

ሰው አገር ሆኖ ስልክ ያነሳ ሰው ሂሳቡ ከራሱ ይቆረጥበታላ! ልጃቸውን ሊያከስሩት? እንዴት ተደርጎ!

ልጅየው ግን አንዳንዴ ራሱ ሲደውል ይነጫነጫል። "እማዬ፣ ካላወራሽ ለምን ትደውያለሽ?"

"እጄ ነክቶት ነው ልጄ።"

ያቺ እጅ ታዲያ በየቀኑ በዚያችው ሰዓት ትነካዋለች... ፀሐይ ራሷ ሰዓቷን የምታስተካክለው በሷ ነው!

ምስጢሩን የምናውቀው እኔና ጠጋኙ ብቻ ነን።

ልጁ ባዕድ አገር ሲሆን ጥሪው ረጅምና ቀርፋፋ ነው... ቱ..........ት... የጠገበ በሬ ሲያንኮራፋ በሉት። የኛ አገር ጥሪ ደግሞ አጭርና ችኩል ነው። እማማ ልጃቸው የት እንዳለ የሚያውቁት በዚህ ነው።

ያን ቀን ጥሪው አጠረ።

ጠጋኙ በጥርሱ የያዘውን ካቻቪቴ አውጥቶ ስልኩን ተቀበላቸውና አዳመጠ።

"እማማ... ልጅዎ አገር ገብቷል።"

"እኔስ በጆሮዬ አወቅኩት። አንተ በሙያህ ንገረኝ እስቲ።"

"ይቺ ሲም ካርድ ሰው አገር ስትገባ የዚያ አገር ኔትወርክ መጀመሪያ 'የማን ነሽ?' ይላታል። እሷም አገሯንና ድርጅቷን በቁጥር ትናገራለች። ከዚያ እዚህ ያለውን ባለቤት ድርጅቷን 'ታውቃታለህ ወይ?' ብለው ይጠይቁታል። 'የኔ ናት፣ አስተናግዱልኝ' ካለ ብቻ ነው የምትሠራው። አሁን ግን እንግድነት የለም... እቤቷ ናት።"

እማማ ፈገግ አሉ። "በየሄደበት የማን እንደሆነ ይጠየቃላ... ጥሩ ነው፤ እንዳይረሳ።"

ከዚያማ ምን ልበላችሁ!

ፍራሹን ሲደበድቡት አቧራው ደመና ሠርቶ ጎረቤቱ ሁሉ ዝናብ መጣ ብሎ ልብሱን አስገባ። ግቢውን ከመጥረጋቸው ብዛት መሬቱ ሳሳ። አንሶላ ታጠበ። ለሠርግ የምትወጣዋ ቀሚስ ከሳጥን ወጥታ ተለበሰች። የልጁ ወንበር በሩ አጠገብ ተቀመጠ... በሩ ወለል ተደርጎ ተከፈተ... መብራት በጠራራ ፀሐይ በራ።

ከዚያ ደወሉ። ዛሬ አልዘጉም።

"የት ነህ ልጄ?"

"እዛው ነኝ እማዬ... ሩቅ... ጭነት በዝቶብኝ ነው።"

እማማ ወንበሩን አዩት። የልጁ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል... እንዳልሰማሁ መሆኔ ተአምር ስለሆነ ይታወቅልኝ።

"እሺ ልጄ... ብርድ እንዳይመታህ።"

ስልኩ ተዘጋ።

"ምን አለዎት?" አልኳቸው።

"መንገድ ላይ ነው" አሉኝ... ዓይኔን ሳያዩ።

በሩን አልዘጉም።

ፀሐይ ጠለቀች። መኪና ባለፈ ቁጥር አንገታቸው ይሰግጋል። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እንዲያውም ደጃችን ላይ ሲደርስ ቀስ አለ... ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ ደወሉ።

ቱ..........ት...

"ተሻገረ" አሉ። "ተመስገን፣ በሰላም ገብቷል።"

አንሶላውን አጣጥፈው አስገቡ። ወንበሩን ግን እዚያው ተዉት።

የኔ ሆድ ደግሞ ወንፊት ነው፣ ምስጢር አይዝም። በጠጋኙ ስልክ ለልጁ ደወልኩለት።

"አንተ! አገር ገብተህ እናትህን ሳታይ ትመለሳለህ?"

"ማን... ማን ነገረህ?"

"ስልክህ!"

የጥሪውን ነገር፣ በየቀኑ የሚነካውን "እጅ" ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

"መጥቼ ነበር እኮ" አለኝ።

"ምን?"

"ባዶ እጄን ነበርኩ... ልብሴም ግሪስ ብቻ። እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ ብዬ ነው ሩቅ ነኝ ያልኳት። ግን አላስቻለኝም... በደጇ መጣሁ፣ ፍሬን ያዝኩ። በሩ ወለል ብሎ፣ መብራቱ በርቶ፣ እሷም በዚያች ቀሚሷ ሆና... ወንበር ሁሉ ተዘጋጅቶ... ትልቅ እንግዳ አለባት አልኩ። በሰው ፊት አላሳፍራት ብዬ... ነዳሁት።"

"አንተ ጅል..." አልኩት፤ ድምፄ ግን እንደ ቀልደኛ አልወጣም። "እንግዳውማ አንተ ነበርክ!"

አሁን እማማ ሲደውሉ ገና በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል።

"አታንሳ! ይቆረጥብሃል!" ብለው ይጮሁበታል።

"ይቆረጥ እማዬ... ይቆረጥ።"

ጥሪው ግን እስከ ዛሬ ረጅም ነው። ወንበሩም በሩ አጠገብ ነው... ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅዱም፤ እኔን እንኳ በመጥረጊያ ነው ያስነሱኝ።

ወዳጆቼ... አንዲት ጥፍር የምታክል ሲም ካርድ እንኳ "የማን ነሽ?" ስትባል ሳታፍር ቤቷን ትናገራለች። እኛ ግን እጃችን ባዶ ሲሆን፣ ልብሳችን ሲቆሽሽ፣ ቤታችንን እንዳላወቀ እናልፋለን። የናት በር እጅ አይቶ አይከፈትም። ሰው አይቶ ነው።

እናንተስ... "እንግዳ አለባቸው" ብላችሁ ያለፋችሁት በር የማን ነበር? እንግዳው እናንተ ብትሆኑስ?

ኮሜንት ላይ ንገሩኝ... መጀመሪያ ግን ደውሉላቸው።