በአረጋ ስም የሚጽፈው ሰው

አረጋ ላሊበላ ላይ ሃያ ዓመት እንግዳ አስጎብኝቷል። ስሙ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። ደግሞም ሰው ያምናል፤ ስልኩን እንኳ አይቆልፍም። ሁለት ጊዜ ቆልፎት ሁለቴም ቁጥሩን ረስቶታልና ሦስተኛውን አልሞከረም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቶ ጫማውን ሲያጠልቅ ኢሜይል ደረሰው። ቀደም ብሎ ያስጎበኘው የኖርዌይ መምህር ነው። «ልጄ አግብታለች። የጫማዬም ሶል ተሰፍቷል። ስለጠየቅኸኝ አመሰግናለሁ» ይላል።

አረጋ ግን ስለ ልጁም ስለ ሶሉም አልጠየቀም። ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎት ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በሳምንቱ አንዲት የሆላንድ ሐኪም ጻፈችለት። «ስለ ጉልበቴ ማን ነገረህ?»

በሦስተኛው ሳምንት የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀመንበር ዳግማዊት አስጠራችው። ሁለት እንግዶች ክስ ልከዋል።

«አረጋ፣ በአንተ አድራሻ የሰው ገመና ይጠየቃል። "ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ሰውዬው አሁንም ያኮርፍሻል ወይ? ናፍቃችሁናል፣ መቼ ትመጣላችሁ?" ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ አልጻፍኩም! ቅድስት ድንግልን!»

«እንግዲያው የጻፈውን እስከ እሑድ አምጣ። አለዚያ ባጅህን ታስረክባለህ።»

አረጋ ፈራ። ያለ ባጅ እንግዳ ይዞ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አይረግጥም። ሌላ ሥራ ደግሞ አያውቅም፤ ማረሻ ከጨበጠ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ በሬዎቹም አይታዘዙለትም።

በቀጥታ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ቃለሕይወት ሱቅ ሮጠ። ቃለሕይወት የእንግዶቹን መልስ አንድ በአንድ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አድራሻህን አስመስለው ነው የሚልኩት። እንደ ፖስታ ቁጠረው፤ ማንም ተነሥቶ ፖስታው ጀርባ ላይ "ላኪ፦ አረጋ" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የይለፍ ቃልህን እንቀይረዋለን፣ ግን በበርህ ያልገባን ሌባ ቁልፍ አይመልሰውም። የተላኩ መልእክቶችን ሣጥንስ አይተሃል?»

«እኔ ያልላክሁትን ከተላኩት ውስጥ ምን አባቱን እፈልጋለሁ?» ብሎ አረጋ ተቆጣ።

«እሱስ ልክ ነህ» አለ ቃለሕይወት። «ግን ሰውዬው የእኛው ሰው ነው። ከእንግሊዝኛው ያስታውቃል፤ በአማርኛ ጽፎ በስልክ ያስተረጉማል።»

«እኔም እኮ እንደዚያ ነው የምጽፈው!»

«በደንብ አጥንቶሃላ። ደግሞ ሁሌ የሚልከው እሑድ ጠዋት ነው።»

እሑድ ጠዋት! ሰው ሁሉ ሲያስቀድስ የማይገኝ ማን ነው? እንዳለው የሚባለው ባልደረባው! እንዳለውም አስጎብኚ ነው፤ ቅዳሴ የሚደርሰው ሊወጣ ሲል ነው። የእህቱ ባል ደግሞ ኮን ከተማ ገበያ ላይ ጫማ ይሸጣል። የሶሉ ነገር ለአረጋ አሁን ገባው። እንግዶቹን በሰላምታ አለዝቦ ሊወስድበት ነው።

ያን ዕለት ማታ ለደንበኞቹ ሁሉ ጻፈ። «በስሜ የሚጽፍላችሁ እኔ አይደለሁም። ይህን የምጽፈው ግን እኔው ነኝ።»

ሐኪሟ ወዲያው መለሰች። «ሳስበው ያኛው አረጋ ይሻላል። እሱ ስለ ጉልበቴ ይጠይቀኛል፤ አንተ ያን ሁሉ ደረጃ ስታወጣኝ አንድም ቀን አልጠየቅኸኝም።»

ይህች መልስ ከባጁ በላይ አንገበገበችው።

የቀረው ግዝት ነው። በላስታ በሬ ቢሰረቅ፣ ድንበር ቢገፋ፣ የደበቀ ሰው የሚወጣው በግዝት ነው። ወደ ነፍስ አባቱ ወደ አባ ገብረ ሚካኤል ሄደ።

«አባ፣ የኢሜይል ሌባ ይገዝቱልኝ።»

«ኢሜይል ያልኸውን ነገር ሳላውቀው ምኑን ልገዝተው ልጄ?»

«ሰው በስሜ ይጽፋል አባ፤ እንጀራዬን ሊዘጋው ነው።»

«ይሄስ በደል ነው። በል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ።»

እሑድ ጠዋት አረጋ በር ላይ ጫማውን አወለቀ። እንደ ልማዱ ስልኩን ጫማው ውስጥ ከቶ የምእመኑንም የእንግዳውንም ጫማ ለሚጠብቁት ለእማማ አመተ ጊዮርጊስ ሰጣቸው። እማማ ያን ሁሉ ጫማ ከፊታቸው ደርድረው፣ አንዲት ፈረንጅ በሰጠቻቸው መነጽር ዳዊት ይደግማሉ።

«እማማ፣ ዛሬ በስሜ የሚጽፈው ሰው ይገዘትልኛል።»

«በሰው ስም? ጉድ በል! ሥራ የለውም እንዴ ሰውዬው?» አሉ።

እንዳለው ዛሬ በጊዜ መጥቶ አረጋ አጠገብ ቆሟል። «የበላው ያቅበጠብጠዋል» አለ አረጋ በልቡ።

ቅዳሴው አለቀ። አባ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን አነሡ። «በአረጋ ስም የሚጽፍ፣ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ በገዛ አፉ ይናገር። ባይናገር የተገዘተ ይሁን!»

ሕዝቡ አሜን አለ። ከሁሉም አብልጦ የጮኸው እንዳለው ነበር።

አረጋ ደጅ ላይ ጠብቆ ነጠላውን ያዘው። «ተናገር!»

«ምኑን ልናገር? ኧረ ምነው፣ አብደሃል እንዴ?»

«እሑድ እሑድ ስታረፍድ የት ነው የምትውለው?»

«እንቅልፍ ነዋ!» አለ እንዳለው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ዳግማዊት ቀረብ ብላ እጇን ዘረጋች። «አረጋ፣ ሰውዬው አልተገኘም። ባጁን።»

አረጋ ባጁን ከአንገቱ አወጣ። ከዚያ ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ አለ፤ ስልኩ ግን ጫማው ውስጥ አልነበረም።

እማማ አመተ ጊዮርጊስ ከዳዊታቸው ሥር አውጥተው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አቀበሉት፦

«ምነው አረግዬ፣ ዛሬስ ቶሎ ወጣህብኝ፤ ያችን ጉልበቷን የሚያማትን ገና ሰላም ብያት አልጨረስኩም።»