ለሙሪየል የታሰበ ሽርሽር

ሮድኒ ቴምፐርሊ ሚስቱን ላርች ሃውስ ለማስገባት ሐሙስን መረጠ። ሐሙስ ቀን ላርች ሃውስ በር ላይ «የአትክልት ስፍራችን ለጎብኚዎች ክፍት ነው» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል። እንግሊዛዊት ሴት ደግሞ የሰው ጽጌረዳ ለማየት ከሆነ ገሃነምም ቢሆን ትገባለች።

ላርች ሃውስ የሚረሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤት ነው። ሙሪየል ደግሞ መርሳት ጀምራለች። መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ ያገኘው ሁለት ጊዜ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ቀይ ክር ይዛ ስትሰፋ ታመሻለች።

«ምን ተቀደደ?» ይላታል።

«ምንም አልተቀደደም።»

«ታዲያ ምን ትሰፊያለሽ?»

ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። ይህን ሁሉ ለላርች ሃውስ ኃላፊ ለሚስስ ክሌግ ነግሯታል። ሚስስ ክሌግ ቤታቸው ድረስ መጥታ ሻይ ጠጥታ ነበር። ሙሪየል ጓዳ ኬክ ስትቆርስ ሴትየዋ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችው፤ እሱም ሳይሰለች መለሰላት።

በመጨረሻው ቀን ግን ደስ ይበላት ብሎ አሰበ። አንድ አትክልት ስፍራ፣ የኮረብታው መመልከቻ፣ ጥንታዊዎቹ ድንጋዮች። በራሱ ደግነት ልቡ ተነካ።

መኪናውን ሙሪየል ነዳች። ከገና ወዲህ የምትነዳው እሷ ናት። ሮድኒ ካርታውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያዛል። አንድ ሻንጣ ከኋላ ተጭኗል። ስለ ሻንጣው አንድም ጊዜ አልጠየቀችውም፤ ይህም አስደሰተው።

«በግራ ነው» አላት።

«በቀኝ ነው፣ ሮድኒ።»

«ይኸው! መንገዱም ጠፋሽ።»

በቀኝ ሄደች። እንደ ዕድል ሆኖ ደረሱ።

የመጀመሪያው አትክልት ስፍራ ሽማግሌ በረኛ ገና ሲያዩዋቸው ፈገግ አሉ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ባለፈው ሳምንት የረሳችሁትን ጃንጥላ አስቀምጬላችኋለሁ።»

«እዚህ መጥተን አናውቅም» አለ ሮድኒ።

ሙሪየል ጃንጥላውን ተቀብላ አመሰገነች። ብቻዋን መጥታ ረስታው ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ወይም የሰጧትን ሁሉ መቀበል ጀምራለች። የትኛውም ቢሆን ለሚስስ ክሌግ የሚነገር ነው። ከጽጌረዳዎቹ መሃል ሲሄዱ ክንዱን ያዘችው። አላስለቀቃትም።

ኮረብታው ላይ ነፋስ ነበር። በአካባቢው የሚታየው ሁሉ ስሙ የተቀረጸበት ክብ የነሐስ ሰሌዳ አንድ ድንጋይ ላይ ተለጥፏል። ሮድኒ ነሐሱን በመዳፉ ሸፈነና ፈተና ጀመረ።

«ያ ማማ የምንድን ነው?»

«የዌስትኮት ቤተ ክርስቲያን።»

«ተሳስተሻል» አለ፤ መዳፉን ግን አላነሳም።

ሙሪየል ቁልቁል ሸለቆውን አየች። «ቀለበቱን የሰጠኸኝ እዚህ ነው። ዝናብ ነበር። ኮትህን አለበስከኝ።»

«እዚህ? ባሕር ዳርቻ ነበር እንጂ! ኧረ ሙሪየል፣ ይህም ጠፋሽ?» ብሎ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ አዘነላት። ማዘኑ ደስ አለው።

ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፤ ነፋሱ ነው አለች።

ድንጋዮቹ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ነበር። የአገሩ ሰው እነዚያን ድንጋዮች ሁለት ጊዜ ቆጥሮ አንድ ዓይነት ቁጥር ያገኘ የለም ይላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ዳቦ አስቀምጦ መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ሮድኒ ዘቢብ ያለባቸው አሥራ ሁለት ዳቦዎች አስገዝቷታል።

«ድንጋዩ አሥራ ሁለት፣ ዳቦው አሥራ ሁለት» አለ። «አንቺ ተቀመጪ፤ ትቀላቅይብኛለሽ።»

ዞሮ አስቀመጠ። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን አንድ ድንጋይ ዳቦ ሳያገኝ ቀረ።

«አንዱን በላሽው!»

«አልበላሁም። እዚያ ማዶ፣ አጭሩ ላይ ሁለት አለ።»

ሄዶ አየ። ሁለት ነበር። ፊቱ ቀላ።

«መቼ መጥተሽ ጨመርሽበት?»

«ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም፣ የኔ ፍቅር።»

«በቃ፣ በቃ። ከዛሬ በኋላ ምንም ባትቆጥሪም ግድ የለም» አላት። ክፉ ንግግር መሆኑን አውቆታል፤ ግን ጣፈጠው።

ሙሪየል ተነሥታ መጣች። ከኮቱ ላይ ፍርፋሪውን አራገፈችለት። «ሮድኒ፣ ዛሬ ይቅርብን። ቤት እንግባና እሳት አንድጄ ሾርባ ልሥራልህ። እችላለሁ፤ ትንሽ ጊዜ እችላለሁ» አለችው።

ገብቷታል ማለት ነው! ሮድኒ ደነገጠ። አሁን ከለቀቃት ዳግመኛ አያገኛትም።

«አይሆንም! የመጨረሻው አትክልት ስፍራ ይቀረናል። ቃል ቃል ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በሕይወቴ እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።»

አየችው። «እሺ» አለች፤ «አንተ ካልክ።»

ሚስስ ክሌግ በላርች ሃውስ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱንም ጨበጠች። ሮድኒ ጠቀሳትና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲህ እንደተነጋገርነው ነው» አላት።

«እንደተነጋገርነው ነው፣ ሚስተር ቴምፐርሊ።»

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። መስኮቱ ወደ ጽጌረዳዎቹ ያያል። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መሳቢያ። ሙሪየል ግድግዳውን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። ሮድኒ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«አይዞሽ እንጂ፤ ሕፃን አትሁኚ። ይለመዳል። እሁድ እሁድ መምጣት አይቀርም።»

«እሁድ እሁድ» አለች ሙሪየል፤ እጁን አልለቀቀችም።

ሚስስ ክሌግ ሻንጣውን አልጋው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ከላይ ተጣጥፎ የተቀመጠው ሰማያዊ የወንድ ፒጃማ ነበር፤ አንገትጌው ላይ በቀይ ክር «ሮድኒ ቴምፐርሊ» ተብሎ ተሰፍቶበታል።