ሳይጥል የተተወ ጫማ

ደጋው በየክረምቱ በበረዶ መቀበር ከጀመረ ወዲህ፣ በረዶ ላይ የማያሰምጠው ሰፊ ጫማ በግንቦት ገበያ ይቸረቸራል። ዘንድሮ ጌታነህ ሊገዛ ሲነሳ ሚስቱ የሺመቤት ናት የከለከለችው። "ገና ሳይጥል? ተው፣ አታሟርትብን" ብላ።

ሐምሌ ላይ በረዶው መስኮቱ ድረስ ተቆለለ፤ የልጃቸውም ትኩሳት አልበርድ አለ። ጌታነህ ከሸንተረሩ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ መንገዱን ሊሞክር ወጥቶ፣ እስከ ብብቱ ሰምጦ ተመለሰ።

የሺመቤት እናቷ ለሠርጓ የሰፉላትን ሁለት ሰፌዶች ከግድግዳ አውርዳ እግሩ ላይ በገመድ ጠፈረችለት።

"ይችሉናል?" አላት ልጅቷን እያዘለ።

"ቀስ ብለህ እርገጥ" አለችው።

አሁን ደጃፍ ቆማ ታያቸዋለች። ሸንተረሩ ገና ሩቅ ነው፤ የሰፌዶቹ ቀይ አለላ ግን በየዱካው እየተፈታ በረዶው ላይ ይቀራል።