ኩርፈኛው ኻዲም

ኻዲሙ ዛሬ ለሸኽዬ ሰላም ሳይል ገባ። ሸኽዬ ካለፉ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለመቃብራቸው ጠባቂ ለኻዲሙ ግን እንደ ጎረቤት ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በሩን ኳ ኳ አድርጎ «አሰላሙ አለይኩም ሸኽዬ፣ እኔ ነኝ!» ሳይል ደጃፉን ረግጦ አያውቅም። ዛሬ ጫማውን ብቻ አውልቆ፣ ቃል ሳይተነፍስ መጥረጊያውን አነሳና ጀርባውን ሰጥቷቸው መጥረግ ጀመረ። አኩርፏል።

እንዴት አያኮርፍ! ለሚስቱ ልብ ዱዓ እንዲያደርጉለት ሦስት ወር ሙሉ ከራስጌያቸው ተቀምጦ ሲለማመጣቸው ከርሞ፣ መጨረሻው «ደረቷ ይከፈታል» ሆነ። ቀጠሮው ዛሬ ነው። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜዋ ቀዶ ጥገናው እንደሚያሰጋ ሲናገር ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ወሬ አለ?

መቃብሩ የለበሰውን አረንጓዴ ጨርቅም አላራገፈውም። እንግዲህ ራሳቸው ያራግፉት።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«ሊያስገቡኝ ነው» አለችው። «ሸኽዬን ሰላም ብለሃቸዋል?»

«እንዴታ!»

«ውሸታም! ድምፅህ ያስታውቃል። በል ስልኩን ወደሳቸው አድርግልኝ።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አሁን በዚህ ሰዓት...»

«አድርግልኝ ብያለሁ!»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ባልተራገፈው ጨርቅ ላይ አኖረው።

«አሰላሙ አለይኩም ሸኽዬ» አለች፣ መንገድ ላይ እንዳገኘቻቸው ሁሉ። «ይሄ ሰውዬ ቢያኮርፍዎት እንዳይቀየሙት። ሲፈራ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የመጀመሪያ ልጃችንን ልወልድ ስልም ሁለት ቀን ዘግቶኝ ነበር። ለኔ ዱዓዎ አይለየኝ። ከቆየሁ ግን... እሱን አደራ። ብቻውን ምግብ አይወርድለትም፤ ምሳውን እዚያው ደጅዎ ላይ ይብላ።»

ከወዲያ አንዲት ሴት «እናቴ፣ ስልኩን ይስጡኝ» ስትል ተሰማ። ተቋረጠ።

ኻዲሙ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። እውነቷን ነው፣ ፈርቷል። እንደዛሬ ፈርቶ አያውቅም። ለሸኽዬ ያወራውን እሩቡን እንኳ ለሷ አውርቶላት አያውቅም፤ እሷ ግን ሁሉንም ታውቀዋለች።

ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ጨርቁን አንስቶ ደጅ ይዞት ወጣና ደህና አድርጎ አራገፈው። መልሶ መቃብሩን አለበሰና ወጥቶ በሩን ዘጋ። ጫማውን አጠለቀ፤ መልሶ አወለቀ። ከዚያ በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

«አሰላሙ አለይኩም ሸኽዬ» አለ። «እኔ ነኝ። ዛሬ... ትንሽ አረፈድኩ።»