የኋላ ጎማዎች

ሹፌሩ ኤርጊቾ በ1976 ዓ.ም. አሥራ አንድ ምልምል ወታደሮችን ከአንጋጫ ሆሳዕና አደረሰ። ከዚያ ወዲህ ፒካፑን ባዶውን ይነዳል፤ የኋላ ጎማዎቹ ግን በወሩ አለቁ።

ጎሚስታው ወንዳፈረው አዲስ ጎማ ገጥሞ ክሪኩን ሲያወርድ፣ ጭነት ተሸካሚው ባሌስትራ ጭነት እንዳለበት ሁሉ ተኛ።

«ጭነት ቀንስ እንጂ» አለ ወንዳፈረው።

«ባዶ ነው፣ ጋሼ።»

ያን ቀን ሆሳዕና ላይ ምልምሎቹን «ውረዱ» ሲላቸው አሥሩ አንድ በአንድ ወርደው ነበር። የእህቱ ልጅ ማቴዎስ ብቻ «አጎቴ፣ አልወርድም» ቢለው፣ ኤርጊቾ በክንዱ ጎትቶ አወረደው።

አሁንም ወደ ባዶው የጭነት ቦታ ዞሮ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ውረዱ» አለ።

ባሌስትራው ሲጥ አለ። የፒካፑ ኋላ ትንሽ ከፍ አለ፤ ቆይቶ ደግሞ ከፍ አለ። ወንዳፈረው ክሪኩን እንደያዘ ቀረ። ኤርጊቾ እየቆጠረ አሥር ደረሰ።

አሥራ አንደኛውን ጠበቀ፤ መኪናው ግን ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም።