የኩኮ ምራቅ

«ትፋ!» ይለዋል አሰልጣኙ ዶን ናቦር፣ ባልዲውን አገጩ ሥር ደግኖ።

ኩኮ ይሞክራል። ጉንጩን ይጠባል፣ ምላሱን ያንቀሳቅሳል። የሚወጣው አየር ብቻ ነው። እሱም የደረቀ።

የዓለም ሻምፒዮን ራቁቱን ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩን ላጭቼዋለሁ፣ ያንን የሚኮራበትን ጢሙንም አንስቼዋለሁ። ምላጩን ወደ ቅንድቡ ሳስጠጋ ግን በጥፊ አለኝ። በሻምፒዮን ተመትቶ ያልወደቀ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ግድግዳው ባይይዘኝ ግን እንጃ።

ከሚፈቀደው ክብደት የሚበልጠው የአንዲት እንቁላል ያህል ነው። የቦክስ ኮሚሽኑ ሰውዬ ጠዋት ሚዛን ላይ ሲያወጣው ሰዓቱን አየና «ሁለት ሰዓት ሰጥቻችኋለሁ፤ ካልቀነሰ ቀበቶው እዚሁ ይቀራል» አለ። ነገ ቢያሸንፍም ቀበቶው የእሱ አይደለም ማለት ነው። ስንቱን ጀግና ዘርሮ ያቆየውን ቀበቶ አንድ የብረት ሚዛን ሊቀማው! ከሁለቱ ሰዓት ደግሞ አሁን የቀረችው ቁንጣሪ ናት።

ጥፋቱ የታማሉ ነው። በሦስቱ ነገሥታት ቀን ዳቦ ስንቆርስ ውስጡ የሚደበቀው ትንሹ የሕፃን ምስል የወጣው ለኩኮ ነበር። ምስሉ የወጣለት ሰው ደግሞ ለካንዴላሪያ በዓል ዘመድ ጎረቤቱን ታማል፣ በስብ ታሽቶ በቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ያበላል። ብልጥ ሰው ሕፃኑን ቀስ አድርጎ ኪሱ ይከታል፤ ኩኮ ከፍ አድርጎ አሳየ። ካንዴላሪያ ትናንት ነበር። አክስቱ «ጋባዡ ሳይቀምስ እንግዳ አይበላም» ብላ አንዱን ታማል አፉ ላይ ደቀነችለት። የአክስት እጅ ይመለሳል?

ላቡ አልቋል። ላስቲክ አልብሰን አስሩጠነዋል፣ በእንፋሎት እንደ ድንች ቀቅለነዋል። የቀረው ምራቅ ነበር፤ እሱም ነጠፈ።

የተጋጣሚው ሰዎች ኮሪደሩ ላይ፣ በራችን ሥር፣ ሆን ብለው ምሳ ይበላሉ። «ኩኮዬ! ሎሚ ጨምቄ ላጉርስህ?» ይላል አንዱ። ይሳሳቃሉ።

«በሩን ዝጋው፣ ላሎ!» ይለኛል ዶን ናቦር።

ልዘጋ ስሄድ ሎሚው ሸተተኝ። አፌ በምራቅ ሞላ። በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ኩኮ፣ የዶኛ ቾሌን ማንጎ ታስታውሰዋለህ?»

«ተወኝ» ይላል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ።

«አገራችን ኤስኩይናፓ፣ ሐዲዱ ዳር ያለው። ጥሬው። ባቡሩ ራሱ ጥርሱን ነክሶ የሚያልፈው።»

«አሁን የቅጥፈት ሰዓት ነው?» ይጮሃል ዶን ናቦር።

«የምን ቅጥፈት? አባቴ ይሙት እውነት ነው!» አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ መማያነቱ ግን አላረጀም።

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። በሌለ ቢላ የሌለ ማንጎ እልጣለሁ። «ይኸው፣ ውስጡ ነጭ ነው። በረጅሙ ልቁረጠው። ጨው። አሁን ሎሚ... ጭምቅ! ወደ ክርኔ ወረደ፣ ቆይ ልላሰው። ከላይ ቀይ በርበሬ፣ ነስነስ፣ ነስነስ።»

ዶን ናቦር ምራቁን ዋጠ። አይቼዋለሁ።

«ቄሱ አንዲት ቁራጭ ጎርሰው ቅዳሴ ገብተው፣ አፋቸው ተኮማትሮ ‹አሜን› ማለት ሲያቅታቸው፣ ሕዝቡ እንደተንበረከከ የመሸበት ትዝ ይልሃል? ዶን ኢላሪዮ የተቀበሩ ዕለትስ? ዶኛ ቾሌ ሳህኑን ይዛ በሣጥኑ አጠገብ ስታልፍ ሟቹ ምራቃቸውን ዋጥ አላደረጉም?»

«አላደረጉም» ይላል ኩኮ።

«አድርገዋል! አንተ ዛፉ ላይ ሆነህ ስትሰርቅ መቼ አየህ? ደሞ ቦክስ ማን አስጀመረህ? የመጨረሻዋን ቁራጭ ከእጅህ መንትፌ እንዲህ ስጎርሳት አይደል መጀመሪያ የጠረብከኝ?»

የሌለችውን ቁራጭ እነክሳታለሁ። ቀጭ! ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን እንደ አሮጌ ጫማ አጨማድዳለሁ።

ዓይኔን ስገልጥ የኩኮ ጉሮሮ ይንቀሳቀሳል።

«ለኔስ?» ይላል። ድምፁ ርሷል።

«እንዳትውጠው!» ይጮሃል ዶን ናቦር። «ትፋ!»

ኩኮ ይተፋል። ባልዲው ይጮሃል። «ሎሚ ጨምርበት፣ አንተ ቋጣሪ!» ይለኛል በመሃል። እጨምራለሁ። ማንጎው ሲያልቅብኝ ዛፉ ላይ ወጥቼ ሌላ እለቅማለሁ። የዶኛ ቾሌን ጓሮ ባዶ ሳስቀረው የኮሚሽኑ ሰውዬ በሩን ይገፋል።

«በቃ፣ ሰዓቱ...» ይልና ምራቁን ይውጣል። «የምን ማንጎ ነው?»

ኩኮ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። እኔ ፎጣ ይዤ እጋርደዋለሁ። የሚዛኑ ዘንግ ሽቅብ እንደተጣበቀ ነው። ዶን ናቦር እመቤታችንን በሹክሹክታ እየለመነ ነው፤ ልመናው መሃል ላይ አክስትየዋን ይረግማል። ዘንጉ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዓይን ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ይወዛወዛል፣ መሃል ላይ ያርፋል።

«ልክ ነው» ይላል ሰውዬው።

ፎጣው ከእጄ ይወድቃል። የዓለም ሻምፒዮን እንደተወለደ ይታያል፤ የሚያፍር የለም። ኮሪደሩ ላይ ማኘክ ቆሟል።

ዶን ናቦር ውሃ በኩባያ ያቀብለዋል። «ቀስ እያልክ።» ኩኮ በሁለት እጁ ይዞ ይጎነጫል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይጎነጫል። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እንባው ጢሙ በነበረበት በኩል እየወረደ ኩባያው ውስጥ ጠብ ይላል። ጠብ።

«አንተ ከሀዲ!» ይላል ዶን ናቦር፣ የራሱን ዓይን በክንዱ እየጠረገ። «ይሄን ሁሉ የት ደብቀኸው ነበር?»

እጁ ግን ለምዶበታል፤ ባልዲውን አንስቶ አገጩ ሥር ይደግንለታል።